አፍ የሚዋሱበት ትምህርት ቤት

ይህ ሁሉ የሆነበትን አገር ስም አልናገርም። ነዋሪዎቹ ራሳቸው በሦስት ስም ስለሚጠሩት አንዱን ብመርጥ ሁለቱ ወገኖች ይቀየሙኛል፤ እኔ ደግሞ በሦስቱም ሰፈር ድግስ የሚጠሩኝ ሰው ነኝ። ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ነው ብል ይበቃል።

ሐይቁ ጠባየኛ ነው። በየዓመቱ በጋው ሲበረታ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳል። ይህን የሚክድ ሰው በከተማው የለም። ጠቡ የሚነሣው ለምን እንደሚሸሽ ሲጠየቅ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ሐይቁ እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል ይላሉ። ስለዚህ በጋ ላይ መረብ አይጥሉም፤ ባለቤቱ በሌለበት ቤት ገብቶ ማንጎዳጎድ ነውር ነው። ጨው ቆራጮቹ ሐይቁ ይሞታል ይላሉ። ዳር ላይ የሚቀረው ጨው አጥንቱ ስለሆነ የመጀመሪያውን ከመቁረጣቸው በፊት ይቅርታ ይጠይቁታል። ከብት አርቢዎቹ ግን ሐይቁ የትም አይሄድም ባይ ናቸው። የሚንቀሳቀሰው መሬቱ ነው፤ እንደ ላም በበጋ ይነሣል፣ በክረምት ይተኛል፣ ውሃውም ያን ተከትሎ ይንሸራተታል። በዚህ የተነሣ በበጋ ካስማ አይተክሉም፤ የቆመች ላም ጀርባዋን ቢወጓት ትራገጣለች።

እኔ በከተማው ብቸኛ ትምህርት ቤት የልክ መምህር ነበርኩ። የልክ መምህር ማለት የውሃ ጥልቀት፣ የእህል ክብደት፣ የጥላ ርዝመት መለካት የሚያስተምር ነው። እንደ እኔ ከሆነ ሐይቁን የምትጠጣው ፀሐይ ናት። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ በትሕትና ያዳምጠኝና ወሬውን ይቀይራል።

በትምህርት ቤቱ ስለ ሐይቁ አይነገርም ነበር። ካርታችን ላይ ሐይቁ ያለበት ቦታ ባዶ ተትቷል። ልጆቹ በመስኮት የውሃው ሽታ እየሸተታቸው፣ ጣታቸውን ካርታው መካከል አኑረው «እዚህ ጋ ምንም የለም» ብለው ያነቡ ነበር። በዚህ ዓይነት ረጅም ዘመን በሰላም ኖርን። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ይደባደባሉ፤ ግን ምክንያቱን ስለማይናገሩ እንደ ጠብ አይቆጠርም።

ሰላሙን ያናጋው ሰላም ሊያመጣ የተላከው ሹም ነው። አቶ ዘርጋው ይባላል፤ ማዕረጉ የማስማሚያ ሹም ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ለሁሉም እኩል ይሰግዳል፣ ከሁሉም ቤት እኩል ይጎርሳል። ከመጣ በኋላ ስለ ሐይቁ ዝም ማለት ተገቢ አይደለም አለና የሦስቱን ወገኖች ሐሳብ ሰብስቦ፣ ደምሮ አካፍሎ፣ አማካዩን በመጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሐይቁ በመጠኑ ይሄዳል፤ በመጠኑም ይሞታል፤ መሬቱም ያንኑ ያህል ብድግ ይላል።»

እኔም የፀሐይን ነገር ይዤ ቢሮው ሄድኩ። በጥሞና ሰማኝና እንዲህ የሚሉት የየትኛው ሰፈር ሰዎች እንደሆኑ ጠየቀኝ። የየትኛውም አይደሉም፣ ለክቼ የደረስኩበት ነው አልኩት። አዘነልኝ። ወገን የሌለው ሐሳብ አማካዩ ውስጥ ከገባ ሒሳቡን እንደሚያበላሽ አስረድቶ እስከ በሩ ሸኘኝ።

መጽሐፉ ለልጆቹ በታደለ ማግስት ዓሣ አጥማጆቹ፣ ጨው ቆራጮቹና ከብት አርቢዎቹ በከተማው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሰልፍ ወጡ። በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ቃል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጽሐፉን አንፈልግም አሉ። ሹሙ ይህን ከሰገነቱ ሆኖ ተመለከተ። ከዚህ የተረዳውም ሦስቱ ወገኖች ፈጽሞ ሊስማሙ እንደማይችሉ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለሦስት እንዲከፈል ወሰነ። በግቢው ውስጥ ግንብ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ወገን በየግንቡ ውስጥ የራሱን ሐይቅ ይማራል። ፍትሕ እንዳይጓደል ሁሉም ነገር እኩል ይከፈላል። ሰሌዳው በመጋዝ ለሦስት ይቆረጣል። ደወሉም ለሦስት ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ እንደማይደውል ስንነግረው፣ ለሁሉም እኩል እስካልደወለ ድረስ ቅሬታ አይኖርም አለ። መምህራንም ተከፋፈልን። የመጨረሻው ክፍል መምህር እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ዕጣ ወጥቶ ለዓሣ አጥማጆቹ ደረስኩ።

ይህ ዕጣ የከፋው በአስካል ላይ ነው። አስካል ከከብት አርቢዎቹ ወገን ነበረች፤ በመጨረሻው ክፍል ያለች ብቸኛ የሰፈሯ ልጅ። ጥላ ለክታ የዛፍ ቁመት የምትናገር፣ ካላሳመኗት እጇን የማታወርድ ተማሪ ናት። ግንቡ ከተሠራ በእሷ ወገን ግንብ ውስጥ ለእሷ ክፍል የሚያስተምር ሰው አይኖርም። አባቷ ደግሞ ትምህርቱ ካለቀማ ከብቶቹ አሉ ብሏል። ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ነበር።

«ጋሼ፣ ግንቡ ላይ ቀዳዳ ቢተዉልኝስ?» አለችኝ። «በቀዳዳው እሰማለሁ።»

ሹሙን ጠየቅኩላት። ቀዳዳው ለሦስቱም ወገን እኩል መሆን ስላለበትና ግንቡ በቀዳዳ ብዛት ስለሚዳከም አልተፈቀደም።

የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ወይዘሮ አንጓች ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም መነጽራቸውን አውልቀው ነው። ግንበኛው ጓንጉል ድንጋይ አስጭኖ ግቢ በገባበት ቀን መነጽራቸውን አወለቁና ለሹሙ የአፍ ውሰትን ሕግ አስታወሱት።

የአፍ ውሰት በዚያ አገር የገበያ ሸንጎ ልማድ ነው። ሁለት ሰዎች ተካሰው ሸንጎ ሲቀርቡ፣ ከሳሽ የራሱን ነገር ከመናገሩ በፊት የተከሳሹን አፍ ይዋሳል። ማለትም፣ ባላጋራው የሚለውን በባላጋራው ቦታ ሆኖ ይናገርለታል፤ ሳያጣምም፣ ሳያሾፍ። ባላጋራው «አፌ ተመለሰልኝ» እስኪል ድረስ ከሳሽ የራሱን ቃል መተንፈስ አይችልም። «አልተመለሰም» ካለ እንደገና ይጀምራል። ብዙ ክስ እዚያው ላይ ሲቀር አይቻለሁ፤ ሰው የባላጋራውን ነገር አሳምሮ ከተናገረ በኋላ የራሱ ትዝ የማይለው ጊዜ አለ።

ወይዘሮ አንጓች፣ በበግ ቆዳ የሚካሰሱ ሰዎች የሚጠየቁትን ትምህርት ቤት የሚከፍሉ ሰዎች ሊጠየቁ ይገባል አሉ። ከየወገኑ አንድ ልጅ የሌላውን ወገን አፍ ይዋስ፤ የዚያ ወገን ሽማግሌ ይፍረድ። ሦስቱም አፍ ከተመለሰ ልጆቹ አብረው መማር ይችላሉ ማለት ነው፤ ግንቡ ይቀራል። አንዱ እንኳ ካልተመለሰ ግንቡ በዚያው ሰዓት ይጀመር። ሹሙ ሕግ አክባሪ ነውና ተስማማ። ሰው የሌላውን ወገን ሐሳብ እንዲህ አድርጎ ሊናገር እንደማይችልም እርግጠኛ ነበር፤ እሱ መጽሐፍ ጽፎ አልተሳካለትም።

ልጆቹን የማለማመድ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። መጀመሪያ በራሴ አፍ አስጀመርኳቸው። አንዱ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ተነሣና፣ ፀሐይ ሐይቁን የምትጠጣው ጠምቷት ነው አለ። አልተመለሰም አልኩ። ሌላው፣ ጋሼ ሌላ ነገር ስለማያውቁ ነው ፀሐይ የሚሉት አለ፤ ክፍሉ ሳቀ፣ አሁንም አልተመለሰም። ቀን በቀን ትሪ ላይ ውሃ እያሰጡ፣ ምልክት እያደረጉ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ቆማ ነገሬን ከእኔ በተሻለ ቅደም ተከተል ስትናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተመለሰልኝ አልኳት። አመሰግናለሁ ብላ ተቀመጠችና ለጎረቤቷ፣ ቢሆንም ሐይቁ የሄደው እናቱ ጋ ነው አለቻት።

ወላጆች ግን ተሸበሩ። ልጄ የሰው አፍ ተውሳ የራሷን ብታጣስ ብሎ የአስካል አባት እየጮኸ መጣ። ወይዘሮ አንጓች መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከጎረቤት ወንፊት ተውሰው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ዱቄቱ የማን ነበር?»

ሰውየው አሰበ፣ አሰበና ወደ ከብቶቹ ሄደ። ልጁን ግን አላስቀራትም።

ለአስካል የደረሳት አፍ የጨው ቆራጮቹ ነው። የእነሱ ሽማግሌ አያ ቢተው ናቸው፤ በገበያ ሸንጎ «አልተመለሰም» በማለት የታወቁ፣ አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸውን ጀምበር እስክትጠልቅ ያስለፈለፉ ሰው። አስካል ከትምህርት በኋላ ጨው መቁረጫው ትወርድ ጀመር። መጀመሪያ ላይ የከብት ልጅ መጣች፣ ልሳ ልትጨርሰን ነው እያሉ ቀለዱባት። ከዚያ ጨው አሸከሟት። የተሸከመ ሰው መቼም ወሬ አይደበቅበትም፤ ሴቶቹ እያዘኑላት ማውራት ጀመሩ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ፊቷ ጠቁሮ ወደ እኔ መጣች። ከጨው ቆራጮቹ መካከል የታችኛው ጉድጓድ ሰዎች፣ አያ ቢተውም ከእነሱ ናቸው፣ በክረምት የሚመለሰው ያው የሞተው ሐይቅ ተነሥቶ ነው ይላሉ። የላይኛው ጉድጓድ ሰዎች ግን የሞተ አይመለስም፣ የሚመጣው የሟቹ ልጅ ነው ይላሉ። ልጅ ስለሆነ አያውቃቸውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዝናብ ዳር ቆመው ስማቸውን ይነግሩታል። ይህን ለባዕድ አይናገሩም። ሁለቱ ጉድጓዶች የተጋቡ ስለሆኑ እርስ በርስም አያነሡትም፤ አማች ማስቀየም ነው።

እኔ ምክሬ ግልጽ ነበር። ፈራጁ አያ ቢተው ስለሆኑ የታችኛውን ብቻ ተናግሪና ውጪ አልኳት።

«ያኔ የእሳቸው አፍ ይመለሳል» አለች። «የእነዚያስ?»

«እነዚያ አይጠየቁም።»

«ጨው ያሸከሙኝ እነሱ ናቸው፣ ጋሼ።»

ትምህርትሽ ነው የሚቀረው አልኳት። አውቃለሁ ብላ ሄደች። ያን ቀን ከፍ አድርጌ ብቆጣት ኖሮ ትሰማኝ ነበር ብዬ አላምንም።

የፈተናው ዕለት ከተማው ሥራ ፈቶ ግቢያችን ገባ። ጓንጉል ድንጋዩን በሦስት ረድፍ ቆልሎ፣ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ተዘጋጅቷል። መጋዝ ያዡም ከሰሌዳው አጠገብ ቆሟል። አንድ የጨው ቆራጭ ልጅ የዓሣ አጥማጆቹን አፍ ተዋሰ። ሽማግሌያቸው እማማ ዝማም ናቸው፤ ልጁ እናቱን ሊጠይቅ የሚሄደውን ሐይቅ ሲተርክ መሃል ላይ የራሱን እናት አስታውሶ ድምፁ ተሰበረ። እማማ ዝማም አፌ ብቻ ሳይሆን ጥርሴም ተመለሰልኝ አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ የዓሣ አጥማጅ ልጅ የከብት አርቢዎቹን ተዋሰች። መሬት እንደ ላም ይነሣል ስትል በየትኛው እግሩ ተብላ ተጠየቀችና ተሳሳተች፤ ላም ከኋላ እግሯ እንደምትነሣ ዓሣ አጥማጅ ከየት ያውቃል? ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቷት፣ ሐይቁም ለዚህ በአንድ ወገን ቀድሞ እንደሚሸሽ ጨምራ ተናገረች። ከብት አርቢዎቹ ይህን ራሳቸው አስተውለውት አያውቁም ነበር፤ ደስ አላቸው፣ ተመለሰ።

አስካል ተነሣች። አባቷ የዝንብ ጭራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከፊት ተቀምጧል። ሐይቁ እንዴት እንደሚያጣጥር፣ ውሃው በየቀኑ እንዴት እንደሚከዳው፣ አጥንቱ ፀሐይ ላይ ሲነጣ ሰው ለምን ጫማ አውልቆ እንደሚቀርበው ተናገረች። ጨው የሚቆርጥ ሰው ሌባ አይደለም፤ አጥንቱን ለሰው ትቶ የሞተ ዘመድ ወራሽ ነው፤ ስለዚህ ጨው አይባክንም፣ ጨው አይረገጥም። ክረምት ሲገባም ሟቹ ይነሣል፤ የወራሾቹን አያያዝ ሊያይ ይመጣል። አያ ቢተው በትራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ቀና አሉ።

«አፌ—» ብለው ጀመሩ።

«አልጨረስኩም፣ አያ» አለች አስካል።

እጄን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እሷ ቀጠለች። የላይኛውን ጉድጓድ ተናገረች፤ የሟቹን ልጅ፣ ማንንም የማያውቀውን አዲሱን ውሃ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ስማቸውን ይዘው ዳር የሚቆሙትን ሴቶች። «እኛ የአባትህ ወዳጆች ነን ይሉታል» አለች። «እንዳይፈራ።»

አያ ቢተው ትክ ብለው አዩዋት። «የመጀመሪያው የኛ ነው» አሉ። «ይህ ሁለተኛው ግን የኛ አይደለም። ከየት አመጣሽው? አልተ—»

ሹሙ እጁን አነሣ። ጓንጉል የገመዱን ጫፍ ፈታ። የአስካል አባት ጭራውን ይዞ ብድግ አለ።

«የኔ ነው» የሚል ድምፅ ከጨው ቆራጮቹ ሴቶች መካከል ተሰማ።

ሁሉም ዞረ። የተናገሩት ወይዘሮ ላቀች ናቸው፣ የአያ ቢተው ባለቤት፤ ልጅነታቸውን በላይኛው ጉድጓድ አሳልፈው የተዳሩ።

አያ ቢተው ነገሩ ወዲያው አልገባቸውም። «ምኑ ነው ያንቺ?»

«ልጅቱ ያለችው። የሟቹ ልጅ ነው የሚመጣው።»

«አንቺ በመጀመሪያው ዝናብ ዳር የምትወርጂው እንስራ ልታጥቢ አይደለም እንዴ?»

«እንስራ በዝናብ ይታጠባል?» አሉ ወይዘሮ ላቀች። «ስሜን ልነግረው ነው የምወርደው። ያንተንም እነግረዋለሁ። አንተ ስለማትነግረው እንዳያጣህ ብዬ።»

ከዚያ አንዲት ሌላ ሴት የኔም ነው አለች። አንድ ሽማግሌ ሰው አክሎ፣ የኔም ነው፣ አማቼን ፈርቼ ነው አለ። ጨው ቆራጮቹ እንደ ተሰነጠቀ ድንጋይ ለሁለት ሆኑ፤ ባል ከአንዱ፣ ሚስት ከሌላው። ይህን ያዩ ዓሣ አጥማጆችም ደፈሩ። አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሐይቁ የሚሄደው እናቱ ጋ ሳይሆን ውሽማው ጋ ነው የሚሉ በኛም ዘንድ አሉ አለ። እማማ ዝማም፣ ማን ነው እሱ ብለው ዘወር ሲሉ ግማሹ ሰፈር መሬት መሬት ያያል። ከብት አርቢዎቹም መሬቱ ላም ነው በሬ ነው ተባባሉ።

ጓንጉል ገመዱን ይዞ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። በመጨረሻ ሹሙ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ በየት በኩል ልዘርጋው? በአያ ቢተው ቤት በኩል ካለፍኩ አልጋቸውን ለሁለት ልከፍለው ነው።»

አቶ ዘርጋው፣ ሕግ አክባሪ ነው ብያለሁ፣ ፈራጁ ገና ቃላቸውን አልጨረሱምና ይጨርሱ አለ።

አያ ቢተው ግን ፍርዱን ትተው ወደ ሚስታቸው ዞረው ነበር። በመካከላቸው ነገር ተነሥቷል፤ ነገር ከተነሣ ደግሞ ሕጉ ያው ነው፣ አፍ መዋስ አለባቸው። እኒያ በሸንጎ ሰው ሲያስለፈልፉ የኖሩ ሰው በከተማው ሁሉ ፊት የሚስታቸውን አፍ መዋስ ጀመሩ። ሴቶቹ ዳር የሚወርዱት ስለሚፈሩ ነው አሉ አያ ቢተው። ወይዘሮ ላቀች ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ አልተመለሰም አሉ። ልማድ ስለሆነባቸው ነው አሉ። አልተመለሰም። አያ ቢተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አዲስ የመጣ ልጅ ማንም ሳይቀበለው እንዳይቀር ነው» አሉ። «አንቺ ወደኔ ሰፈር ስትመጪ ማንም እንዳልተቀበለሽ።»

ወይዘሮ ላቀች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ተመለሰልኝ» አሉ።

አያ ቢተው ወደ አስካል ዞሩ። በትራቸውን አንሥተው መሬቱን መቱት። «ያንቺም ተመልሷል» አሉ። «አፌ ተመለሰልኝ። ባለቤቴም አብራ።»

ያን የእልልታ ድምፅ የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ከየትኛው ሰፈር ሴቶች እንደተነሣ ማንም መለየት አልቻለም። መጋዝ ያዡ መጋዙን አስቀምጦ አጨበጨበ። የአስካል አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ግቢውን ዞረ፤ እሷ ትልቅ ሰው ነኝ አውርደኝ ብትለውም አልሰማት። ወይዘሮ አንጓች ደወሉን ራሳቸው ደወሉት፤ ያለ ሰዓቱ፣ ያለ ምክንያት፣ ክንዳቸው እስኪዝል። ልጆቹም ከልማድ ብዛት እየሳቁ ተሰልፈው ክፍል ገቡ።

አቶ ዘርጋው ለበላዮቹ የላከው መልእክት አጭር ነበር። ግንቡ ያልተሠራው የሚቆምበት መስመር ስላልተገኘ ነው ይላል። መልሱ ዘግይቶ መጣ፤ በመስመሩ ፍለጋ ላደረገው ትጋት ማዕረጉ ከፍ ተደርጎለታል። እኛም ደስ አለን፤ ደግ ሰው ነበር። ካርታው ላይ ባዶ የነበረውን ቦታ ልጆቹ ውሃ ሳሉበትና ዙሪያውን ስለ ሐይቁ የሚባለውን ሁሉ ጻፉበት፤ ከብዛቱ የተነሣ ጎረቤት አገሮች ተሸፈኑ። ከጎረቤት አገሮች እስካሁን ቅሬታ አልቀረበም።

ከፈተናው ማግስት የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ገና ሰሌዳውን ሳልጠርግ በሩ ተንኳኳ። አያ ቢተው ናቸው፤ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው። የሚቀመጡበት እንዳለ ጠየቁኝ። ለጉብኝት ከሆነ ወንበር ላምጣ አልኳቸው።

«ለጉብኝት አይደለም» አሉ። «ማታ ከላቀች ጋር ስንነጋገር አደርን። ሌላም የማላውቀው አላት።» ከዚያ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ልጆች አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ይህ የውሽማው ነገር ምንድን ነው? ከመጀመሪያው ይነገረኝ።»

ክፍሉ ሞልቶ ነበር። አስካል ደብተሯን ሰበሰበችና በአግዳሚው ላይ ጠጋ አለችላቸው።